ክራክ፣ ኦሪጅናል ወይስ ነፃው? ሶፍትዌር ከማስጫናችሁ በፊት

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ከዱባይ የመጣ ላፕቶፕ ገዛና "ና ሶፍትዌር እናስጭን" ብሎ ወደ አንድ ጥገና ቤት ይዞኝ ሄደ። ልጁ ላፕቶፑን ተቀብሎ ምንም ሳይጠይቅ ፍላሽ ሰክቶ ፎርማት ሊያደርገው ሲል "ቆይ እስቲ ወንድም፣ የነበረው ዊንዶውስ ምን ሆነ?" አልኩት። "ሆም ነው እኮ፣ ፕሮ ላድርግላችሁ፣ ኦፊሱንም ፎቶሾፑንም እጨምራለሁ" አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ላፕቶፑ ላይ የነበረው ዊንዶውስ ኦሪጅናል ነበር፣ ቁልፉ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ዋጋውም ላፕቶፑ ላይ ተደምሮ ተከፍሏል። ጓደኛዬ የከፈለበትን አስጠፍቶ የተሰረቀ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለክፍያ የሚጫን "ክራክ" ሊያስጭን ነው፣ ለዛውም የጉልበት ከፍሎ!

እና ይሄንን የምጽፈው እንደሱ ላሉት ነው። "ክራክ ሀጢአት ነው" ብዬ ልሰብክ አይደለም፣ እኔ ራሴ ዲዛይን የተማርኩት ከጓደኛ በፍላሽ በወሰድኩት ፎቶሾፕ ነው፣ አሁን ቅዱስ ልምሰል ብል የሚያውቁኝ ይስቁብኛል። ግን ምርጫው "ወይ ክራክ ወይ በዶላር መግዛት" ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች በጣም ብዙ ናቸው፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ከክራክ እንጀምር፣ ሁላችንም የምናውቀው እሱን ስለሆነ

መጀመሪያ ለክራክ የሚቀርበውን ምክንያት ሳናጣጥል እንስማው። ዊንዶውስ 11 ሆም የሚሸጠው በ139 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ እያለ 7,900 ብር አካባቢ ነበር፣ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 120 ሲገባ ያው ሶፍትዌር 16,680 ብር ሆነ፣ ሶፍትዌሩ ምንም ሳይጨመርበት። የምህንድስና ስዕል መስሪያውን አውቶካድማ ተዉት፣ በዓመት ወደ 2,000 ዶላር ነው፣ ብዙ ጀማሪ ኢንጂነር ዓመቱን ሙሉ ቢሰራ የማያገኘው ብር ነው። እሺ ብሩ አለኝ ብትሉ እንኳ በምን ትከፍላላችሁ? የባንካችን ተራ ኤቲኤም ካርድ ውጪ ሳይት ላይ አይሰራም፣ የዶላር ካርድ ለማውጣት ደግሞ ፎርም፣ ማስረጃ፣ ወረፋ። ስለዚህ "መክፈል ፈልጌ አልቻልኩም" የሚል ሰው ሁሌ ሰበበኛ አይደለም።

ሌላው ክርክር "ኮፒ ማድረግ ስርቆት አይደለም" የሚለው ነው። የጎረቤቴን በግ ብወስድ ጎረቤቴ በግ የለውም፣ ሶፍትዌር ኮፒ ባደርግ ግን ባለቤቱ ጋ ያው አለ። ይሄ የመንደር ፍልስፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈኖች ያለፈቃድ አሳትሞ በፖስታ ሲሸጥ በተያዘ ሰው ጉዳይ ላይ የኮፒራይት ጥሰት በተሰረቀ እቃ ሕግ እንደ ተራ ስርቆት አይታይም ብሏል። ሰውዬው ንፁህ ነው አላለም ግን፣ ጥፋቱ ሌላ ዓይነት ነው ነው ያለው። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መስራቹ ሪቻርድ ስቶልማንም ኮፒ ማድረግን "የባህር ላይ ውንብድና" ብሎ መጥራት ራሱ ማጭበርበር ነው ይላል፣ መርከብ አላቃጠልን፣ ሰው አልገደልን። ብዙ ልጆች እሱን እየጠቀሱ ክራካቸውን ይጭናሉ። የሚዘሉት ነገር ቢኖር ሰውዬው "ስለዚህ ክራክ አድርጉ" አላለም፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ቁጭ ብሎ ማንም የሚያባዛው ሲስተም ልሰራ ነው ብሎ አውጆ ጀመረ እንጂ። የማይካፈል ሶፍትዌርን አትጠቀሙበት ነው ያለው።

በእኛ ሀገር ሕግ ጥያቄው የተዘጋ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም ሥራ ይጠብቃል፣ በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ለመጠባበቂያ አንድ ኮፒ ማስቀረት ይፈቀድለታል፣ አውቆ የጣሰ ደግሞ እስር አለበት። ሕጉ ሲሰራበት እምብዛም አይታይም እንጂ የለም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ እኔ ክርክር። የማይክሮሶፍቱ ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1976 ለኮምፒውተር አፍቃሪዎች በጻፈው ደብዳቤ "አብዛኞቻችሁ ሶፍትዌር የምታገኙት ሰርቃችሁ ነው" ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ከ22 ዓመት በኋላ ያው ሰው ስለ ቻይና ሲጠየቅ የተናገረው ግን ሌላ ነው፣ መስረቃቸው ካልቀረ የኛን ቢሰርቁ ይሻላል፣ ይለምዱትና በኋላ ገንዘቡን የምንሰበስብበትን መንገድ እናገኛለን የሚል መንፈስ ያለው ነው። ልብ በሉ! ትልቁ ኩባንያ ክራካችሁን እንደ ማስታወቂያ ነው የሚያየው፣ ዛሬ በነፃ የለመደ ተማሪ ነገ መስሪያ ቤት ሲገባ የሚያስገዛው ያንኑ ነው። ታዲያ ከክራክ ማን ነው የሚጎዳው? ትንሹ ነው። የሀገር ልጅ።

የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን ተመልከቱ። የሂሳብ ሰራተኛ ማስታወቂያ ላይ "ፒችትሪ የሚችል/የምትችል" የማይል አለ? ባለቤቱ ኩባንያ ሴጅ ራሱ የሶፍትዌሩን ስም ሴጅ 50 ካለው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ነው፣ እኛ ጋ ግን እስካሁን ብዙ ቦታ የሚታየው የ2010ሩ ክራክ ነው፣ ማሰልጠኛውም እሱን ያስተምራል፣ ቀጣሪውም እሱን ይጠይቃል። አንድ የኛ ሀገር ፕሮግራመር ቫቱን 15 ፐርሰንት፣ ጡረታውን የሰራተኛ 7 የአሰሪ 11፣ ደመወዝ ግብሩን ሁሉ በአማርኛ የሚሰራ ሲስተም ቢያመጣና "20 ሺህ ብር ብቻ" ቢል መልሱ ያው ነው፣ "ፒችትሪ እያለ ምን ልሁን ብዬ?" የሚወዳደረው ከሴጅ ጋር አይደለም እኮ፣ ከዜሮ ብር ጋር ነው፣ ከዜሮ ጋር ተወዳድሮ ደግሞ ማንም አያሸንፍም። ከዛ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ሲቀየር ያ ክራክ የሆነውን ማን ያስተካክልላችኋል? አንድ "ፎርሙላ የሚያውቅ ልጅ" ትፈልጋላችሁ፣ ለሱ ትከፍላላችሁ።

የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም ሌላው ነው። የሀገር ልጆች ለፍተው በሰሩት በግዕዝ ሶፍትዌር ስንት መስሪያ ቤት፣ ስንት ማተሚያ ቤት፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ተሰራበት፣ ከፍሎ የጫነ ሰው ግን እስቲ ጠይቁ፣ እኔ በሕይወቴ ያገኘሁት አንድ ሁለት ቢሆን ነው። ለማይክሮሶፍት የኛ ክራክ ምኑም አይደለም፣ እዚህ ቢሮ ተከራይቶ ሰራተኛ ለሚያስተዳድር ሰው ግን እያንዳንዱ ኮፒ ይቆጠራል። ለዚህ ነው "ሁሉም ክራክ እኩል ነው" የሚለውን የማልቀበለው፣ የሀገር ውስጥ ሶፍትዌር ክራክ ማድረግ በኔ ሚዛን ከሁሉም የከፋው ነው። በብር ይሸጣል፣ በቴሌብር መክፈል ይቻላል፣ ስልክ ሲደወልለት የሚያነሳ ሰው አለው፣ የዶላር ሰበብ እዚህ ጋ አይሰራም።

የክራክ ዋጋ ደግሞ በብር ብቻ አይለካም። ክራኩን ስታወርዱ የመጀመሪያው ትዕዛዝ ምንድነው? "አንቲቫይረሱን አጥፋ" ነው አይደል? ሌባ መጥቶ "ውሻውን እሰር" ሲል እሺ ብሎ እንደማሰር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የሰርግ ቪዲዮ የሚሰራ አንድ ወዳጄ ከቴሌግራም ቻናል የኤዲቲንግ ክራክ ጫነ፣ በማግስቱ ፋይሎቹ በሙሉ ስማቸው ተቀይሮ አልከፍት አሉ፣ እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ አንዲት የጽሑፍ ፋይል "980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈልክ 490" ትላለች። ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው ቫይረስ ነው፣ በዓለም ላይ በዋናነት የተሰራጨው በክራክና የውሸት ቁልፍ በሚያወጣው ኪይጀን ነው። የሁለት ሙሽሮች ሰርግ ሄደ። ሰርግ ደግሞ አይደገም። ሌላው ዓይነት ደግሞ ድምፅ የለውም፣ ብራውዘር ላይ ሴቭ ያደረጋችሁትን ፓስወርድና ኮምፒውተር ላይ የተከፈተውን ቴሌግራም ይዞ ይሄዳል፣ ኮድ እንኳ አይጠይቃችሁም፣ ከዛ በናንተ ስም ለዘመድ አዝማድ "አስቸኳይ ነው 5,000 ብር ላክልኝ ነገ እመልሳለሁ" ይጻፋል። ክራክ የሆነ አንቲቫይረስ የምትጭኑ ሰዎችን ግን እኔ ምን ብዬ ልምከራችሁ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ዲፌንደር በነፃ ተቀምጦላችኋል።

የ10 ዶላር ቁልፍ

ኢንተርኔት ላይ በ10 በ15 ዶላር የሚሸጥ የዊንዶውስና የኦፊስ ቁልፍ አለ፣ ብዙ ሰው "ከፍያለሁ፣ ኦሪጅናል ነው" ብሎ ልቡን ያሳርፋል። አብዛኛው ለትልቅ ድርጅት በጅምላ ከተሰጠ ላይሰንስ የተቆነጠረ ነው፣ ዛሬ ይሰራል፣ ነገ ኩባንያው ሲዘጋው ይጠፋል፣ ገንዘቡም ለሰራው ሰው አይደርስም። እንደ ክራክ ነው፣ ልዩነቱ ደላላ መኖሩ ነው። አውሮፓ ያላችሁ ግን ጉዳዩ ይለያል፣ የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 አንዴ የተሸጠ የዘላለም ላይሰንስ የመጀመሪያው ገዢ የራሱን ኮፒ ካጠፋ ለሌላ ሊሸጠው ይችላል ብሎ ስለወሰነ ጀርመን ወይ ስዊድን ያገለገለ ላይሰንስ ሕጋዊ ገበያ አለው። አሜሪካ ግን እንደዛ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ያገለገለ አውቶካድ በኢንተርኔት ይሸጥ የነበረ ሰው በይግባኝ ተሸንፏል፣ ገዝተሃል ሳይሆን ተፈቅዶልሃል ተብሎ።

ኦሪጅናል መግዛት፣ መቼ?

እንጀራ የምትበሉበት ከሆነና የሚተካው ከሌለ ግዙ። አንድ አርክቴክት ቢሮ አምስት ኮምፒውተር ላይ ክራክ ጭኖ ለደንበኛ "ዲዛይኔን ያለክፍያ ለሌላ ሳይት ተጠቀምክበት" ብሎ ሲከስ አይቻለሁ፣ ሳቄን ነው ያፈንኩት። የራስህን ስዕል የሚጠብቅልህና የሶፍትዌሩን ኮድ የሚጠብቀው ያው አዋጅ ነው እኮ።

ለክፍያው ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መንገድ ውጪ ያለ ዘመድ ነው። የኔ የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው ያለው፣ በሱ ካርድ ይከፈላል፣ እኔ እዚህ ለእናቱ ብሩን እሰጣለሁ። የማይክሮሶፍት የቤተሰብ ፓኬጅ ለስድስት ሰው ይሆናል፣ ውሉ ግን አንድ ቤት ስለሚኖሩ ሰዎች ነው የሚያወራው፣ እኛ ጋ ቤተሰብ ማለት ከሜሪላንድ እስከ ደብረ ብርሃን መሆኑን ማን በነገራቸው። ይሄ ከውሉ ትንሽ ያፈነገጠ መሆኑን አውቃለሁ፣ ቢሆንም ከክራክ ጋር አንድ ላይ አልደምረውም፣ ቢያንስ የሰራው ሰው ተከፍሎታል።

ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ መግዛትም መስረቅም አያስፈልግም። የአውቶካድ ባለቤት አውቶዴስክ ተማሪ መሆናችሁን ካረጋገጠ አውቶካዱንም ሬቪቱንም ለአንድ ዓመት በነፃ ይሰጣል፣ እየታደሰ ይቀጥላል። የፕሮግራመር መሳሪያ የሚሰራው ጄትብሬይንስም ለተማሪ ነፃ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ በተማሪ ላይሰንስ የሰው ቪላ ቤት ዲዛይን አድርጎ ብር መቀበል ውሉ አይፈቅድም፣ ከተመረቁ ሶስት ዓመት ሆኗቸው በእህታቸው መታወቂያ የሚያድሱም አሉ፣ ተዉኝ እስቲ።

ነፃው፣ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም "ነፃ ነገር ጥራት የለውም" የሚለው ወሬ ከ15 ዓመት በፊት እውነት የነበረበት ቦታ ነበር፣ አሁን ግን አርጅቷል።

ደብዳቤና ሪፖርት ለሚጽፍ ሰው ሊብሬኦፊስ ይበቃዋል፣ የወርድ ፋይል ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ አንዳንዴ ቴብልና ገጽ ያዛባል፣ ከሌላ ቢሮ ጋር በየቀኑ ፋይል የምትቀያየሩ ከሆነ ይሄ ያበሳጫችኋል፣ አልዋሻችሁም። ስትልኩ በፒዲኤፍ ላኩ። ለአማርኛ ደግሞ ዊንዶውስ የራሱ ኪቦርድ አለው፣ ካልተመቻችሁ ኪማን ነፃ ነው፣ ኖቶና አቢሲኒካ ፎንትም ነፃ ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው፣ በድሮው ፎንት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱት የሚመጣውን ዝብርቅርቅ አይታችሁታል፣ በዩኒኮድ ከጻፋችሁ እሱ ጣጣ የለም። ስለዚህ ለአማርኛ ጽሑፍ ነፃው ከክራኩ ይበልጣል፣ እኩል ነው አላልኩም።

ዲዛይነሮች ዘመኑ ወደናንተ ዞሯል። የዲዛይን ሶፍትዌሩ አፊኒቲ ድሮ ይሸጥ ነበር፣ ካንቫ ገዛውና እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ነፃ አደረገው፣ አካውንት መክፈት ብቻ ነው፣ ለማተሚያ ቤት በሚሆነው በሲኤምዋይኬ ቀለምም ያወጣል። ጂምፕ 3.0 እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ወጥቷል፣ ከድሮው በጣም ተሻሽሏል፣ ግን ፎቶሾፕ የለመደ እጅ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ይሰቃያል። የፎቶሾፕ (ፒኤስዲ) ፋይል ተልኮላችሁ ለመክፈት ብቻ ከሆነ ፎቶፒ ብራውዘር ላይ ይሰራል። ቪዲዮ ለሚሰራ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ከበቂ በላይ ነው፣ ለከለር የሆሊውድ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው፣ የሚከፈልበትን ብትፈልጉ 295 ዶላር አንዴ ብቻ ነው፣ በየወሩ አይቆረጥም። ችግሩ ሪዞልቭ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፣ 8 ጂቢ ራም ባለው ላፕቶፕ ያለቅሳል፣ ለሱ ኬደንላይቭ ወይ ሾትከት ይቀላል። ሰርጉ የጠፋበት ወዳጄ አሁን በሪዞልቭ ነው የሚሰራው። ስሪዲ ላይ ብሌንደርን የሚያህል የለም፣ ታሪኩም ደስ ይላል፣ የሰራው ኩባንያ ሲዘጋ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠቃሚዎቹ በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ አዋጥተው ነፃ አወጡት፣ እንደ ዕቁብ በሉት።

ኢንጂነሮች ላይ ግን ሐቁን ልናገር፣ ፍሪካድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 1.0 ደርሷል፣ ሊብሬካድም አለ፣ ግን ሁሉም ሰው የአውቶካድ (ዲደብሊውጂ) ፋይል እየላከላችሁ በነሱ ብቻ ቢሮ ማስኬድ ከባድ ነው። እንደ ብሪክስካድ ያሉ አንዴ ተከፍሎባቸው የሚቀሩ አሉ፣ ለሶስት አራት ዓመት ስታሰሉት ከአውቶካድ ይረክሳሉ። ካርታ ለሚሰራ ኪውጂአይኤስ፣ ምንም ማቅማማት የለም። ሂሳብ ለሚሰራ ኢአርፒኔክስትና ኦዱ ኮሚውኒቲ አሉ፣ የሚያስተካክልላችሁ የሀገር ልጅ ቅጠሩ፣ ለክራክ ጥገና የምታወጡት ብር ወደሱ ይሂድ። ፕሮግራመሮች እናንተን ዘልያችኋለሁ፣ የምትፈልጉት ሁሉ ነፃ ነው፣ ሰበብ የላችሁም።

ነፃዎቹ ላይ በጣም የምወደው እኛ የለመድነውን ባህል አይነኩም። በፍላሽ ለጓደኛ መስጠት ይቻላል፣ ለሰፈር ማሰልጠኛ 30 ኮምፒውተር ላይ መጫን ይቻላል፣ ሊብሬኦፊስም ብሌንደርም ላይሰንሳቸው ራሱ አባዙ ይላል። አፊኒቲና ሪዞልቭ ግን እንደዛ አይደሉም፣ ዋጋቸው ነው ነፃ እንጂ የባለቤት ናቸው፣ ባለቤቱ ነገ ሀሳቡን ቢቀይር ምንም ማለት አይቻልም።

በኔ ሚዛን ማን ምን ይምረጥ

ገና እየተማረ ያለ፣ የሚከፍልበት መንገድ የሌለው፣ በሚሰራውም ብር የማያገኝ ልጅ ክራክ ቢጭን አልፈርድበትም፣ ነገር ግን የሚያጣው ጊዜውን ነው እለዋለሁ፣ ነፃውን ቢለምድ ነገ ማንም አይነጥቀውም። ፍሪላንስ ሰርቶ የመጀመሪያ ደንበኛ ያገኘ ሰው ከዛ ክፍያ ላይ ለመሳሪያው ይቁረጥ፣ አናጢ መጋዝ ሳይገዛ አልጋ አይሰራም። ድርጅትና የመንግስት መስሪያ ቤት ክራክ ሲጠቀሙ ግን ምንም ማስተባበያ አይታየኝም፣ ለምንጣፍና ለመኪና በጀት አለ፣ የሰው መረጃ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ከማይታወቅ ቻናል የመጣ ፋይል ይጫናል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ አሮጌ ኮምፒውተር የሞላበት ቢሮ ክራክ ዊንዶውስ 11 በግድ ከሚጭን በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃውን ሊኑክስ ሚንት ቢሞክር ይሻለዋል፣ ለጸሐፊዋ ሁለት ቀን ብታሳይዋት ትለምደዋለች፣ ከናንተ በፊት።

ወደ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ልመለስ። ፎርማቱ ቀረ፣ ሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን ከፍተን አሳየሁት፣ አክቲቭ ነው ይላል፣ ልጁም "አሃ፣ ለካ ነበረው" አለ። ሊብሬኦፊስና አፊኒቲ ከኔ ሃርድዲስክ ጭኖልን አካውንቱን እቤት ከፈትን። ሂሳቡ ስንት ነው ስንለው መጀመሪያ የጠራውን ያንኑ ጠራ። "ሶፍትዌሩ እኮ ከኛ ነው" አለው ጓደኛዬ። "ወንድሜ እኔ መቼም ለሶፍትዌሩ አስከፍዬ አላውቅም፣ ለመጫኑ ነው" ብሎ ሳቀና ሊብሬኦፊሷን በፍላሹ ገልብጦ አስቀረ።